በሥራ ገበታ ላይ የተፈጠረ ሥራ ባለቤቱ ማን ነው?

አንድ የግብርና ተመራማሪ ዓመታት የፈጀ የማዳቀል ሥራ ሠርቶ አዲስ የጤፍ ዝርያ ያወጣል። አንድ የወርክሾፕ ቴክኒሻን እህል የማይሰብር የበቆሎ መፈልፈያ ማሽን ይሠራል። አንዲት የወረዳ የግብርና ባለሙያ ለአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ የሚሆን የንብ ማነብ መጽሐፍ ታዘጋጃለች። ሦስቱም በየወሩ ደመወዝ ይከፈላቸዋል። ሦስቱም ሥራዎች ቢሸጡ ዋጋ ያወጣሉ። ዝርያው ቢባዛ፣ ማሽኑ ቢመረት፣ መጽሐፉ ቢታተም ገቢው የማን ነው? ስማቸውስ የት ይጻፋል?

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም የኢትዮጵያ ሕግ ለሦስቱ ባለሙያዎች አንድ ዓይነት መልስ አይሰጥም። ጽሑፍ በአንድ አዋጅ፣ ማሽን በሌላ አዋጅ፣ ዝርያ ደግሞ በሦስተኛ አዋጅ ይዳኛል። በጽሑፍና በማሽን ረገድ ግን ሁለቱ አዋጆች የሚገናኙበት አንድ ነጥብ አለ፤ ሠራተኛውና አሠሪው በውላቸው ያልተነጋገሩበትን ጉዳይ ሕጉ ራሱ ይወስንላቸዋል። ሕጉ ሲወስን ደግሞ ሚዛኑ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አሠሪው ያደላል። ይህን ቀድሞ ያወቀ ባለሙያ የሚፈርመውን ወረቀት አንብቦ ይፈርማል፤ ያላወቀው ሥራው ፍሬ ካፈራ በኋላ ይከራከራል።

አንድ ቃል፣ ሁለት ነገር

በአማርኛ “ሥራ” የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን በአንድነት ይይዛል። ሰው የሚቀጠርበት ተግባርም ሥራ ነው፤ ከእጁና ከአእምሮው የሚወጣው ውጤትም ሥራ ነው። በዕለት ኑሮ ልዩነቱ አያስጨንቅም። አናጺ በቀን ክፍያ የሠራው በር የቤቱ ባለቤት መሆኑን ማንም አይጠራጠርም። የአእምሮ ሥራ ግን እንደ በር አንድ ቦታ ተተክሎ አይቀርም፤ ይባዛል፣ ይቀዳል፣ ያሠራውም የሠራውም ሳያልቅበት ለሺህ ሰው ይደርሳል። ስለዚህም ለተግባሩ የተከፈለው ደመወዝ የውጤቱንም ዋጋ ይጨምር እንደሆነ መጠየቅ ግድ ይላል።

በ1987 ዓ.ም የጸናው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ላይ የግል ንብረትን ሲተረጉም የሚጨበጠውን ብቻ ሳይሆን የማይጨበጠውንም ይጨምራል። በጉልበት፣ በመፍጠር ችሎታ ወይም በካፒታል የተገኘና ዋጋ ያለው ውጤት ሁሉ ንብረት ነው። አንቀጽ 51 ደግሞ የፈጠራና የድርሰት መብቶችን የመጠበቅ ኃላፊነት ለፌዴራሉ መንግሥት ይሰጣል። እነዚህ ድንጋጌዎች መሠረት ይጥላሉ፤ በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ያለውን ድንበር የሚያሰምሩት ግን ዝርዝር አዋጆቹ ናቸው።

ጽሑፍ፣ ፎቶግራፍና ሶፍትዌር

የመጀመሪያው ሕግ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በ2007 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። አዋጁ መጽሐፍን፣ መጣጥፍን፣ ፎቶግራፍን፣ የድምፅና ምስል ሥራን፣ ካርታን፣ የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ጭምር ይጠብቃል። ሥራው ወጥ ከሆነና በወረቀት፣ በካሴት ወይም በሌላ ነገር ላይ ከሰፈረ ጥበቃው ያኔውኑ ይጀምራል፤ ለመብቱ መወለድ ምዝገባ አያስፈልግም። እንደ አጠቃላይ ደንብ ጥበቃው ሥራ አመንጪው በሕይወት እስካለ ድረስና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት ይቆያል።

“ሥራ አመንጪ” አዋጁ ሥራውን በአእምሮው ላፈለቀው ሰው የሰጠው ስያሜ ነው። መነሻው ግልጽ ነው፤ መብቱ የሥራ አመንጪው ነው። ይሁን እንጂ አንቀጽ 21 ለቅጥር ሠራተኛ ልዩ ደንብ ያስቀምጣል። ሥራው በቅጥር ውል ወይም በአገልግሎት ውል መሠረት የተሠራ እንደሆነ፣ ተዋዋዮቹ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር፣ የኢኮኖሚ መብቱ ባለቤት አሠሪው ወይም ሥራውን ያዘዘው ሰው ነው። የኢኮኖሚ መብት ማለት ማባዛት፣ መተርጎም፣ ማሻሻል፣ መሸጥ፣ ማከራየትና ማሠራጨት ማለት ነው።

እንግዲህ የወረዳዋ ባለሙያ የንብ ማነብ መጽሐፉን ያዘጋጀችው ጽሕፈት ቤቱ በሥራ ዕቅዷ ላይ አስፍሮላት ከሆነና ውሏ ስለዚህ ምንም ካላለ፣ መጽሐፉን የማሳተምና የመሸጥ መብቱ የመሥሪያ ቤቷ ነው። መጽሐፉን በራሷ ጊዜ፣ ከሥራ ዝርዝሯ ውጪ፣ ለምሳሌ ስለ ልጅነት መንደሯ የጻፈችው ልብ ወለድ ከሆነ ግን መሥሪያ ቤቱ በመጽሐፉ ላይ የሚጠይቀው ነገር የለም። መለያው የጻፈችበት ሰዓት ብቻ አይደለም፤ ጽሑፉ የተቀጠረችበት ተግባር አካል መሆኑና አለመሆኑ ነው።

አሠሪው የማይወስደው ግን አንድ ነገር አለ። አንቀጽ 8 የሥራ አመንጪው የኢኮኖሚ መብቱ ባለቤት ሆነም አልሆነ የሞራል መብቱን ይጠብቅለታል። በዚህ መብት ሥራ አመንጪው በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠቀስ ይጠይቃል፤ ካልፈለገ ስሙ እንዳይገለጽ ያደርጋል፤ ክብሩን ወይም ዝናውን በሚጎዳ መንገድ ሥራው ሲቆራረጥ ወይም ሲዛባ ይቃወማል። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ መጽሐፉን ሲያሳትም የባለሙያዋን ስም ፍቆ የኃላፊውን ስም መጻፍ አይችልም። በብዙ ጽሕፈት ቤቶች “አዘጋጅ” የሚለው ቦታ የመሥሪያ ቤቱን ስም ብቻ ይዞ የሚቀረው ሕጉ ስለፈቀደ ሳይሆን ጠያቂ ስለታጣ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነጥብም አለ። አዋጁ የሚጠብቀው የአገላለጹን መንገድ እንጂ ሐሳቡን፣ ዘዴውን ወይም ቀመሩን አይደለም። በመጽሐፉ የተገለጸውን የንብ ቀፎ አያያዝ ማንም አንብቦ ሊሠራበት ይችላል። ዘዴው ራሱ አዲስ ከሆነና ጥበቃ ከተፈለገለት መኬድ ያለበት ወደ ሁለተኛው አዋጅ ነው።

ማሽንና የአሠራር ዘዴ

የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 አዲስ፣ ፈጠራዊ ብቃት ያለውና በኢንዱስትሪ ተግባራዊ ሊሆን የሚችል ፈጠራን በፓተንት ይጠብቃል። የፓተንት ዕድሜ 15 ዓመት ሲሆን ፈጠራው በአገር ውስጥ በአግባቡ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ ለተጨማሪ 5 ዓመት ሊራዘም ይችላል። ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጠው የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ደግሞ ለ5 ዓመት ጸንቶ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል። የገጠር ወርክሾፖች የሚያወጧቸው የተሻሻሉ መውቂያዎች፣ መፈልፈያዎችና ቀፎዎች ብዙ ጊዜ የሚመደቡት በዚህ በሁለተኛው ክፍል ነው። ከቅጂ መብት በተለየ እነዚህ መብቶች ያለ ማመልከቻ አይገኙም፤ ማመልከቻውም ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይቀርባል።

የአዋጁ አንቀጽ 7 የባለቤትነትን ጥያቄ በሦስት መደብ ይከፍለዋል። ቴክኒሻኑን በሦስት መልክ ማሰብ ልዩነቱን ግልጽ ያደርገዋል።

በመጀመሪያው መልክ ቴክኒሻኑ የተቀጠረው ማሽን እንዲያሻሽል ነው። አሠሪው መፈልፈያ እንዲሠራ አዞታል፤ እርሱም ሠርቷል። ፈጠራው በቅጥር ወይም በአገልግሎት ውል አፈጻጸም የተገኘ ስለሆነ፣ ውሉ ሌላ ካላለ በቀር፣ ፓተንት የማግኘት መብቱ የአሠሪው ነው።

በሁለተኛው መልክ ሰውየው የኅብረት ሥራ ዩኒየን የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ማታ ማታና በዕረፍት ቀኑ በጓሮው፣ በገዛ ገንዘቡ በገዛው ቆርቆሮና ብረት መፈልፈያ ሠራ። ፈጠራው ከቅጥር ውሉ ጋር ግንኙነት የለውም፤ የአሠሪው ሀብት፣ መረጃ፣ መሣሪያ ወይም ቁሳቁስም አልነካውም። ይህ ፈጠራ ሙሉ በሙሉ የሠራተኛው ነው።

በሦስተኛው መልክ ሰውየው ለጥገና የተቀጠረ ብየዳ ሠራተኛ ነው። ማሽን እንዲፈጥር ማንም አላዘዘውም፤ ሐሳቡ የራሱ ነው። ነገር ግን ብረቱን የቆረጠው በመሥሪያ ቤቱ መቁረጫ፣ የበየደውም በመሥሪያ ቤቱ ብየዳ ማሽንና ኤሌክትሪክ ነው። አዋጁ ለዚህ መካከለኛ ሁኔታ መካከለኛ መልስ ያስቀምጣል፤ ከግዴታ ውጪ ሆኖ በሠራተኛው የግል አስተዋጽኦና በአሠሪው ሀብት የተገኘ ፈጠራ፣ የተለየ ስምምነት ከሌለ፣ የሁለቱ የጋራ ሀብት ነው፤ ድርሻቸውም እኩል ነው።

በገጠሩ የፈጠራ ሥራ ላይ በተግባር የሚበዛው ይህ ሦስተኛው መልክ ነው። ጎበዝ ወጣት ባለሙያ በመሥሪያ ቤቱ ግቢ የተጣለ ቁርጥራጭ ብረት ሰብስቦ አዲስ ነገር ይሠራል። ማሽኑ በባዛርና በአውደ ርዕይ ይታያል፤ ፎቶግራፉ ይነሣል፤ ይጨበጨባል። ማሽኑ የእርሱ ብቻ እንደሆነ የሚያምን ሠራተኛና የመሥሪያ ቤቱ ብቻ እንደሆነ የሚያምን ኃላፊ ሁለቱም ይሳሳታሉ። ይባስ ብሎም ማመልከቻ ሳይገባ ፈጠራው በአደባባይ መታየቱ “አዲስ” የሚለውን መስፈርት ሊያሳጣው ስለሚችል ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ሊቀሩ ይችላሉ።

ቤት ውስጥ የተሠራ ሁሉ የግል አይደለም

“ቤቴ ተቀምጬ ስለሠራሁት የእኔ ነው” የሚለው እምነት በሠራተኞች ዘንድ የተለመደ ነው። የብሪታንያ ፍርድ ቤቶች ዓመታት የመረመሩት አንድ ጉዳይ የዚህን እምነት ድንበር ያሳያል። ኢያን ሻንክስ የተባሉት ሳይንቲስት እ.ኤ.አ በ1982 በዩኒሊቨር ኩባንያ ሥር ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። በዚያው ዓመት በደም ውስጥ ያለውን የስኳር መጠን ለመለካት የሚያስችል መሣሪያ የመጀመሪያ ናሙና በቤታቸው ሠሩ። የተጠቀሙበት ዕቃ የልጃቸው መጫወቻ ማይክሮስኮፕ መስታወትና የወረቀት መቆንጠጫ ነበር። ዕቃው የቤት፣ ቦታውም ቤት ቢሆንም መብቱ የኩባንያው መሆኑ አላጠያየቀም፤ ምክንያቱም ሰውየው የተቀጠሩት እንዲህ ያለውን ነገር ለማግኘት ነበርና።

የተከራከሩት በሌላ ነጥብ ላይ ነው። የብሪታንያ የፓተንት ሕግ ፈጠራው ለአሠሪው “የላቀ ጥቅም” ካስገኘ ሠራተኛው ከደመወዙ በላይ ተገቢ ድርሻ እንዲያገኝ ይፈቅዳል። ኩባንያው ከፓተንቶቹ ወደ 24 ሚሊዮን ፓውንድ አግኝቷል። ሻንክስ እ.ኤ.አ በ2006 ጥያቄ አቅርበው ከ13 ዓመት ክርክር በኋላ፣ እ.ኤ.አ በጥቅምት 2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 2 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲከፈላቸው ወሰነ።

ከዚህ ጉዳይ ሁለት ነገር ይወሰዳል። አንደኛው ቦታና ሰዓት ብቻቸውን መብት አይወስኑም፤ የሥራ ግዴታው ምን ነበር የሚለው ይቀድማል። ሁለተኛው መብቱ የአሠሪው መሆኑ ለሠራተኛው ተጨማሪ ድርሻ የመክፈልን ጥያቄ አይዘጋም።

ዝርያ፦ ስሙ በመዝገብ የማይገኝ አዳቃይ

ለግብርናው ዘርፍ ከሁሉ የሚከብደው የሰብል ዝርያ ጉዳይ ነው። የፈጠራ አዋጁ የዕፅዋትና የእንስሳት ዝርያዎችን ከፓተንት ጥበቃ ውጪ አድርጓቸዋል። ለዕፅዋት ዝርያ የተለየ የአዳቃዮች መብት ሕግ በአዋጅ ቁጥር 481/1998 ወጣ፤ በኋላም በ2010 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 1068 ተተካ።

ዝርያ ማውጣት ምን ያህል የአእምሮ ሥራ እንደሆነ የጤፍ ታሪክ ይመሰክራል። የጤፍ አበባ እጅግ ደቃቅ ነው፤ የሚከፈተውም በማለዳ ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ለረጅም ጊዜ ጤፍን በእጅ ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ሲታመን ቆይቶ፣ ተመራማሪው ታረቀ በርሄ በ1960ዎቹ ዓ.ም የማዳቀያውን ዘዴ አገኙ። ከዚያ ወዲህ ከአርሶ አደሩ ማሳ የተገኙትን ዝርያዎች ከመምረጥ አልፎ የአንዱን ጠባይ ከሌላው ጋር ማዋሐድ ተቻለ። በደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ተዳቅሎ በ1998 ዓ.ም የተለቀቀው “ቁንጮ” የዚህ መንገድ ፍሬ ነው። የ“ዱከም”ን ምርታማነት ከ“ማኛ” ነጭነት ጋር አዋሕዶ በአገሪቱ ሰፊ ማሳ ላይ ተዘራ።

ግብርና ሚኒስቴር የሚያሳትመው የሰብል ዝርያዎች መዝገብ ስለ እያንዳንዱ የተለቀቀ ዝርያ ስሙን፣ የተለቀቀበትን ዓመት፣ የሚስማማውን ከፍታና የምርት መጠኑን ያሰፍራል። “አዳቃይ” በሚለው ዓምድ ሥር ግን የሚነበበው የምርምር ማዕከሉ ወይም የኢንስቲትዩቱ ስም ነው። ዝርያውን ያዳቀለው ሰው ስም በሳይንሳዊ መጽሔት ላይ ይገኝ ይሆናል እንጂ ዘሩን ተቀብሎ የሚዘራው አርሶ አደር አያውቀውም።

ይህ አሠራር ያለ ምክንያት አልመጣም። ዝርያ የአንድ ሰው ሥራ ብቻ አይደለም። አንዱ ያዳቅላል፣ ሌላው በየአካባቢው ይፈትሻል፣ የቴክኒክ ረዳቱ በየማለዳው አበባውን ይከፍታል፣ የቀን ሠራተኛው ያርማል፣ የላቦራቶሪ ባለሙያው ይለካል። አንድ ተመራማሪ የጀመረውን ሌላው ተረክቦ የሚጨርስበት ጊዜም ብዙ ነው። መሬቱ የሕዝብ፣ ገንዘቡም የሕዝብ ነው። ከመቶ ሙከራ ዘጠና ዘጠኙ ሲከሽፍ ደመወዙ አይቋረጥም፤ የክሽፈቱን ኪሣራ የሚሸከመው ተቋሙ ነው። መብቱ ለየግለሰቡ ቢከፋፈል ዘሩን ለማባዛት የሁሉንም ፈቃድ መለመን ያስፈልግ ነበር። የተቋማት ክርክር ይህ ነው፤ ክርክሩም ሚዛን የሚደፋ ነው።

እ.ኤ.አ በ1961 የተመሠረተው የአዳዲስ የዕፅዋት ዝርያዎች ጥበቃ ዓለም አቀፍ ኅብረት፣ በምሕፃሩ ዩፖቭ፣ እ.ኤ.አ በ1991 ባሻሻለው ስምምነት “አዳቃይ” የሚለውን ቃል ሲተረጉም ዝርያውን ያዳቀለውን ወይም አግኝቶ ያበለጸገውን ሰው ቀዳሚ አድርጎ፣ የአባል አገሩ ሕግ ከፈቀደ የዚያን ሰው አሠሪም አዳቃይ ሊባል እንደሚችል ይገልጻል። ኢትዮጵያ የኅብረቱ አባል አይደለችም። ሆኖም ትርጉሙ በዓለም ዙሪያ የሚታየውን አስተሳሰብ ያሳያል፤ አዳቃይ የሚለው ስም ራሱ ከሰውየው ወደ መሥሪያ ቤቱ ሊሻገር ይችላል።

ተመራማሪ ከመሥሪያ ቤቱ ሲለቅስ? በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የገጠመው ክርክር ጥሩ ማሳያ ነው። በዩኒቨርሲቲው የዴቪስ ካምፓስ የእንጆሪ ዝርያዎችን ለረጅም ዓመታት ያዳቀሉ አንድ ፕሮፌሰር ሥራቸውን ለቀው የግል የዝርያ ኩባንያ መሠረቱ። በዩኒቨርሲቲው ሳሉ ካወጧቸው ዝርያዎች ሮያሊቲ ድርሻ ያገኙ ነበር። ክርክሩ የተነሣው አዲሱ ኩባንያ የዩኒቨርሲቲውን ተክሎች ለማዳቀያነት ተጠቅሟል በሚል ነው። እ.ኤ.አ በግንቦት 2017 በሳን ፍራንሲስኮ የፌዴራል ፍርድ ቤት የተሰየመው ጁሪ ዩኒቨርሲቲውን ደግፎ ወሰነ፤ በዚያው ዓመትም ተከራካሪዎቹ በስምምነት ጨረሱ። ነገሩ ሲጨመቅ እንዲህ ነው፦ ባለሙያ ሲለቅ በአእምሮው ያካበተውን ዕውቀትና ልምድ ይዞ ይሄዳል፤ በሙከራ ማሳው ላይ የቀረው ተክልና ዘር ግን የሌላ ሰው ንብረት ነው።

ደመወዝ ብቻውን ይበቃልን?

አገሮች ይህን ጥያቄ በተለያየ መንገድ መልሰውታል። ጀርመን እ.ኤ.አ ከ1957 ጀምሮ ስለ ሠራተኞች ፈጠራ የሚደነግግ ራሱን የቻለ ሕግ አላት። ሠራተኛው ፈጠራውን ለአሠሪው በጽሑፍ ያሳውቃል፤ አሠሪው በአራት ወር ጊዜ ውስጥ ካልለቀቀለት መብቱ የአሠሪው ይሆናል፤ በምላሹ ግን ለሠራተኛው ተገቢ ክፍያ የመክፈል ግዴታ ይገባል። ለዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ድርሻው በሕግ ተቆርጧል፤ ፈጠራው ከሚያስገኘው ገቢ 30 በመቶ።

በጃፓን ሹጂ ናካሙራ የተባሉት መሐንዲስ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ዳዮድ ለማግኘት ያስቻለ ፈጠራ ለአሠሪያቸው ሲያበረክቱ የተሰጣቸው ማበረታቻ 20 ሺህ የን ነበር። እ.ኤ.አ በ2004 የቶኪዮ ፍርድ ቤት 20 ቢሊዮን የን እንዲከፈላቸው ፈረደ፤ በቀጣዩ ዓመት በይግባኝ ሂደት ላይ እያለ ጉዳዩ ወደ 840 ሚሊዮን የን ገደማ በሆነ ክፍያ በስምምነት ተዘጋ። መሐንዲሱ እ.ኤ.አ በ2014 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማትን ከሁለት ሳይንቲስቶች ጋር ተጋርተዋል። ጃፓን በኋላ ሕጓን አሻሽላ አሠሪና ሠራተኛ መብቱንና ክፍያውን አስቀድመው በደንብ እንዲወስኑ መንገድ ከፈተች።

በኢትዮጵያ ሁለቱም አዋጆች “በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር” የሚል በር ይተዋሉ። ይህ ሐረግ ለሠራተኛውም ለተቋሙም ከአዋጁ ሁሉ የሚጠቅም ሐረግ ነው። መብቱ የተቋሙ ሆኖ ከገቢው ለባለሙያው ድርሻ እንዲከፈል፣ ስሙም በማናቸውም ሰነድ ላይ እንዲሰፍር መስማማት ይቻላል። ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማትም ለሁሉም ሠራተኛ የሚያገለግል የአእምሯዊ ንብረት ፖሊሲ አውጥተው ይህንን መወሰን ይችላሉ፤ የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት ለዚህ የሚሆን ናሙና ያቀርባል።

በውሉ ውስጥ ምን ይጻፍ?

አበው “በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” ይላሉ። ክርክርን አስቀድሞ የሚያስቀር ውል ወይም ፖሊሲ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ይመልሳል።

አንደኛ፣ የሥራ ዝርዝሩ ፈጠራን፣ ጽሑፍን ወይም ዝርያ ማውጣትን ይጨምራል? “በኃላፊ የሚሰጡ ሌሎች ተግባራት” የሚለው የተለመደ ሐረግ ይህን ጥያቄ አይመልስም፤ እንዲያውም ያወሳስበዋል።

ሁለተኛ፣ ሠራተኛው ከግዴታው ውጪ የመሥሪያ ቤቱን መሣሪያ ሲጠቀም ማን ይፈቅድለታል? የተፈቀደበት ቀንና የተጠቀመበት ዕቃ በጽሑፍ ቢያዝ የድርሻ ጥያቄው በቀላሉ ይፈታል።

ሦስተኛ፣ ውጤቱ ሲገኝ ሠራተኛው ለማን፣ በስንት ቀን ያሳውቃል? ተቋሙስ ማመልከት ካልፈለገ መብቱን ለሠራተኛው የሚለቀው መቼ ነው? መደርደሪያ ላይ የተረሳ ፈጠራ ለማንም አይጠቅምም።

አራተኛ፣ ገቢ ቢገኝ የሠራተኛው፣ የቡድኑና የተቋሙ ድርሻ ስንት ነው?

አምስተኛ፣ የማን ስም፣ በምን ቅደም ተከተል ይጻፋል? ገንዘብ የማያስገኝ ሥራ እንኳ ለባለሙያው የሥራ ዕድገትና የትምህርት ዕድል መሠረት ነውና ይህ ጥያቄ ከገንዘቡ አያንስም።

ስድስተኛ፣ ሠራተኛው ሲለቅ ምን ይዞ ይሄዳል፣ ምን ትቶ ይሄዳል? ዘር፣ መረጃ፣ ማስታወሻ ደብተርና የኮምፒውተር ፋይል በስም ተለይተው ቢጠቀሱ ይመረጣል።

ባለሙያውም ከራሱ በኩል የሚያደርገው አለ። የሥራ ማስታወሻውን ቀን እየጻፈ መያዝ፣ ሐሳቡ መቼ እንደመጣለትና ማን እንደተሳተፈ መመዝገብ፣ ማሽኑን ለአውደ ርዕይ ከማውጣቱ በፊት ስለ ማመልከቻ መጠየቅ ይገባዋል። ያለ ማስረጃ የቀረበ እውነት በፍርድ ቤት ከአሉባልታ አይለይም።

ውል የሌለው ተሳታፊ

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ደመወዝና ውል ያለውን ሰው ይመለከታል። በዝርያ ማውጣት ሥራ ግን ሁለቱም የሌለው አንድ ተሳታፊ አለ፤ አርሶ አደሩ። የሚዳቀለው ዘር መነሻው ከእርሱ ጎተራ ነው፤ ትውልድ እየመረጠ፣ እየለየ፣ ስም እያወጣ ያቆየው ነው። በአሳታፊ የዝርያ መረጣም ወቅት በማሳው ላይ የተዘሩትን እጩ ዝርያዎች እየዞረ የሚመርጠው እርሱ ነው። እንጀራው ሲጋገር፣ ጭዱ ለከብት ሲቀርብ፣ ገለባው ለጭቃ ሲረገጥ የሚሆነውን ከላቦራቶሪ በፊት ያውቃል። አሠሪ ስለሌለው የአሠሪና ሠራተኛ ደንብ አይመለከተውም፤ ተቀጣሪ ስላልሆነም ስሙ በቡድኑ ዝርዝር ውስጥ አይገባም።

ሕጉ ይህን ሰው በሌላ በር ያስገባዋል። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርካቦትና የማኅበረሰብ መብቶች አዋጅ ቁጥር 482/1998 የጄኔቲክ ሀብት ባለቤትነትን ለመንግሥትና ለኢትዮጵያ ሕዝብ፣ የማኅበረሰብ ዕውቀት ባለቤትነትን ደግሞ ለሚመለከተው ማኅበረሰብ ይሰጣል። በዚያው ዓመት የወጣው የመጀመሪያው የአዳቃዮች መብት አዋጅም አርሶ አደሩ ከማሳው ያገኘውን ዘር ማስቀመጥ፣ መዝራትና መለዋወጥ እንዲችል መብቱን በግልጽ አስቀምጦ ነበር። መብቱ የግለሰብ ሳይሆን የማኅበረሰብ መሆኑ የራሱ ጥንካሬ አለው፤ የሁሉ የሆነውን ግን የሚጠይቅ አንድ ሰው ማግኘት ያስቸግራል።

ስለዚህ የአንድን ተመራማሪ የሥራ ውል የሚያሻሽል ተቋም ሥራውን በግማሽ እንዳይተወው ያስፈልጋል። አዲስ ዝርያ ሲመዘገብ የተቋሙ ስም፣ ያዳቀሉት ባለሙያዎች ስም፣ የወላጅ ዘሩ የተገኘበት ወረዳና በመረጣው የተሳተፉ አርሶ አደሮች ቀበሌ በአንድ ገጽ ላይ ቢሰፍሩ የሚጎዳ ሰው የለም። ለዚህ አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ተቋሙ በራሱ ፖሊሲ ዛሬ ሊጀምረው ይችላል። ገንዘቡን የሚካፈሉበት መንገድ ከሰፈረው ስም ይነሣል፤ ስሙ ያልሰፈረ ሰው የሚያቀርበው ጥያቄ መነሻ የለውም።